አርባ ስምንት አሃዝ

አቶ መኳንንት የሞቱት ቅዳሜ ነው፤ እታገኘሁ የተጠራችው ሰኞ ጠዋት። በመሐል ያለችውን እሑድ ፖሊሶቹ ነገሩን ሲያበላሹ ዋሉባት።

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው አፓርትመንት በር ላይ የተቀበለቻት የሟቹ ልጅ ሳምራዊት ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አማርኛዋን ከቤት፣ እንግሊዝኛዋን ከትምህርት ቤት፣ ስዋሂሊዋን ከማታቱ ሚኒባስ ለቅማ ያደገች ልጅ ናት። ዓይኖቿ በልቅሶ አብጠዋል።

«አንቲ፣ ፕሊስ፣ ምርቃትን አስፈቺልኝ» አለች እንግዳዋ ሳትቀመጥ። «ሐሙስ ኢንተርቪው አላት። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነው። እስር ቤት ሆና ካለፋት ፋይሏን ክሎዝ ያደርጉታል፤ ኢት ኢዝ ኦቨር።»

ትልቅ ሰው «አንቺ» መባሏን እታገኘሁ ከቁብ አልቆጠረችውም። ናይሮቢ ያደጉ ልጆች «እርስዎ» የሚለው አይመጣላቸውም። እሷ ራሷ አዲስ አበባ አሥራ ስድስት ዓመት ወንጀል ስትመረምር፣ እዚህ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች የውሸት ቃጠሎና የውሸት ስርቆት ስታጋልጥ የኖረች ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ አይገርማትም። የሚያንገሸግሻት ሰነፍ ሆኖ ሲዋሽ ነው።

ምርቃት የቤቱ ሠራተኛ ናት። ከአገሯ ሸሽታ የመጣች ስደተኛ ስትሆን የሐሙሱ ቃለ መጠይቅ ወደ ሦስተኛ አገር መሄድ አለመሄዷን ይወስናል። አቶ መኳንንት ደግሞ አስተርጓሚ ነበሩ። ስደተኞች የደረሰባቸውን በአማርኛ ሲናገሩ ሰምተው፣ ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። የሚጽፉትም እቤታቸው፣ በራሳቸው ኮምፒውተር ነው።

«ቅዳሜ ማታ ምን አገኘሽ?»

«አንድ ሰዓት ላይ ለእራት መጣሁ። ኮምፒውተሩ በርቷል። የኋላው በረንዳ በር ተከፍቷል። ወደ ታች ሳይ…» አልጨረሰችውም። ከአራተኛ ፎቅ በታች፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ፣ ማንም የማያልፍበት ጓሮ ውስጥ ነበር አባቷን ያየችው።

ስክሪኑ ላይ የነበረውን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች። እታገኘሁ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፦ «ምርቃት የስደተኞችን ምስጢር ከኮምፒውተሬ እየሰረቀች ሸጠችብኝ። በዚህ ውርደት መኖር አልችልም። መኳንንት።»

«አባዬ ሱሳይድ አያደርግም» አለች ሳምራዊት። «ሐኪሙም የሰው እጅ አለበት ብሏል፤ ክንዱ ላይ የተያዘበት ምልክት አለ። ፖሊሱ ግን ምን አለ መሰለሽ? አባዬ ራሱን ሊያጠፋ ደብዳቤ ጻፈ፤ ምርቃት ደረሰችና ደብዳቤውን አይታ ገፋችው።»

«ሊሞት የቆረጠን ሰው ቸኩላ ገደለችው ማለት ነው» አለች እታገኘሁ። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ደመወዝ ይከፈለዋል።»

ጭንቅላቱ የኢንስፔክተር ሙቱኩ ነበር። ጣቢያው ድረስ ሄዳ ስታገኘው ሻዩን እየጠጣ፣ ጉዳዩን ዘግቶ እግሩን ዘርግቷል። የሟቹ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ተገትሮ ጥቁር ስክሪን ላይ የይለፍ ቃል ይጠይቃል።

«ሲገኝ በርቶ፣ ተከፍቶ ነበር አይደል?»

«ነበር ማዳም። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለን አመጣነው። ከዚያ ወዲህ አልከፈትም ብሏል።»

«ማነው ንቀሉ ያላችሁ?»

«የሟቹ አማች፣ ዶክተር ዘርይሁን። ልጅቷ ደውላላቸው ከእኛ እኩል ነው የደረሱት። የኮምፒውተር ደኅንነት ኤክስፐርት ናቸው። ማስረጃው ሳይነካ እንዲቆይ ወዲያው ንቀሉት አሉን።»

እታገኘሁ የኪስ ማስታወሻዋን አወጣች። ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ስንት እንዳለ ጠየቀች። ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሞቱት ተብሏል። የግቢው ዘበኛስ? ኢንስፔክተሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ዘበኛው የሚመዘግበው እንግዳ ብቻ ነው፤ ቤተ ዘመድ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፋል። ስንቴ ማን እንደገባ አያስታውስም።

ከአሥር ደቂቃ ልመና በኋላ ከምርቃት ጋር አገናኟት። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ኢስሊ ገበያ ስትዞር ውላለች። ምስክር የላትም።

«ጋሼ መኳንንት ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ፣ ‹ታሪክሽን ከእኔ ሌላ ለማን ተናገርሽ?› አሉኝ። ለማንም አልኳቸው። ‹ሌላ ሴት መጥታ ያንቺኑ ታሪክ እንደ ራሷ አድርጋ ነገረችኝ፤ የወንድምሽን ስም ሳይቀር› አሉኝ።»

«ታሪክሽን ሸጠውላታል።»

«አዎ። እሷ ቀድማ ካቀረበችው እኔ ውሸታም እባላለሁ። ጋሼ ግን አትፍሪ አሉኝ። ‹ከሦስት ዓመት በፊት ስትነግሪኝ ከነቀኑ ጽፌዋለሁ፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው ያለው፤ ማንም አይነካውም› አሉኝ።» ምርቃት ቀና ብላ አየቻት። «አሁን እኔም አልነካው እትዬ። ቁልፉ ከእሳቸው ጋር ሞተ ይላሉ።»

እታገኘሁ የተቆለፈ ነገር ሲገጥማት የምትጠይቀው የቆለፈውን ሰው ነው። በኃይሉ ኪሊማኒ ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ አለው፤ ለአቶ መኳንንት ማሽኑን የሸጠውም ያስተካከለውም እሱ ነው። ሱቁ ውስጥ አንዲት እናት የሰርግ ቪዲዮዋ አልከፈት ብሏት ስትራገም አገኘቻት። በኃይሉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

«ምን አድርገሃት ነው?» አለች እታገኘሁ ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ።

«የይለፍ ቃሏን ረሳች፤ የመክፈቻ ቁጥሯን ደግሞ ከካርቶኑ ጋር ጣለችው። እኔ የምሸጠው ኮምፒውተር ሁሉ ዲስኩ ተመስጥሮ ነው የሚወጣው። ሳይከፈት ላየው ሰው ያለው ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው።»

«ጠይቀሃት ነው?»

«አልጠየቅኋትም። ዘርይሁን ከሚሠራበት፣ ጋሽ መኳንንትም ከሚተረጉሙለት ድርጅት መመሪያ መጣ፤ የአስተርጓሚ ሁሉ የቤት ኮምፒውተር ይቆለፍ ተባለ። እኔ ደግሞ ለሁሉም ማድረግ ለመድኩ። በዚህ ከተማ ስንት ላፕቶፕ ይሰረቃል እትዬ! ሌባው ዕቃውን እንጂ ውስጡን አያገኝም። አባትየው የሞተ ዕለት ግን ልጆቹም እንደ ሌባው ናቸው። እሱን የሚያስረዳቸው የለም።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ማሽኑ ከጠፋ ሲበራ እንደገና ይጠይቃል። ያለ ይለፍ ቃል ወይም ያለ አርባ ስምንት አሃዙ የመክፈቻ ቁጥር አይነሳም። የጋሽ መኳንንት ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው። ‹ቀይርልኝ› ብለውኝ እኔው አዘገየሁባቸው።»

«ቅዳሜ መብራት ነበር?»

«የእነሱ ሰፈር ፈረቃ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሄዶ ማታ አሥራ ሁለት መጣ። እኔም እዚሁ ነኝ፤ ሱቄም ጨለማ ነበር።»

አርባ ስምንቱን አሃዝ ማን ይዞት እንደሆነ ጠየቀችው። ሟቹ ከስክሪኑ ላይ በእጃቸው ገልብጠው፣ በፖስታ አሽገው፣ ለድርጅቱ ካዝና ሰጥተዋል። መመሪያው እንዲህ ነው የሚለው። በኃይሉ ቅጂ አልያዘም።

ዶክተር ዘርይሁን የሚሠራው ሩንዳ ሰፈር ካለው ቤቱ ብዙም በማይርቅ ቢሮ ነው። የሳምራዊት እናት ወንድም ነው። ዶክትሬቱ በምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ ጥርት ያለ መልስ አላገኘም። ግድግዳው ላይ ሰርተፍኬት ተደርድሯል። እታገኘሁ እያንዳንዱን አነበበች። የሚበዛው የሁለት ቀን ስብሰባ ላይ የተገኘበት ነበር።

«የአንድ ሰው የቤት ኮምፒውተር ሳይቆለፍ መሸጥ ወንጀል ነው ባይ ነኝ» አለ ወንበሩን እያሽከረከረ። «መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መኳንንት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር። ‹ብሞትስ?› ይለኛል። ለዚህ ነው ካዝና ያለን አልኩት። ፖስታ፣ ፊርማ፣ መዝገብ!»

«ፖስታው አለ?»

«እንዴታ! አልተነካም።» ካዝናውን በኪሱ ባለ ቁልፍ ከፈተ። «ቁልፉ አንድ ነው፤ ከእኔ አይለይም።» የታሸገ ፖስታ አወጣ፤ መዝገቡንም ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ አሳያት። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2007፣ ዕለቱኑ ተፈርሞ፣ ዕለቱኑ ገባ ይላል። በፖስታው መታጠፊያ ላይ ደግሞ የሟቹ ፊርማ ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል፦ መስከረም 10 ቀን 2000 ዓ.ም.።

«በእኛ አቆጣጠር ነው የፈረሙት» አለች እታገኘሁ።

«ግትር ነበር እኮ! ድርጅቱ በፈረንጅ ጻፍ ሲለው እሱ ፊርማዬ የራሴ ነው ይላል።»

«ታዲያ ለፖሊስ ለምን አልሰጡትም?»

«ሥርዓት አለው ወይዘሮ እታገኘሁ። በጽሑፍ ሲጠይቁኝ፣ በምስክር ፊት። አንድ ነገር ልንገርዎ ግን፤ እነዚህን ቁጥሮች ሰው በእጁ ሲገለብጥ ይሳሳታል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ደግሞ ለዘላለም አይከፈትም። ተስፋ እንዳያደርጉ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቢሮ። እንደ ሌላው ቅዳሜን በቢራ አላሳልፍም።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ የኪስ ማስታወሻዋ ላይ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጻፈቻቸው። ከዚያም ፈገግ አለች፤ ደግ ፈገግታ አልነበረም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአቶ መኳንንት ሳሎን ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተር ሙቱኩ ኮምፒውተሩን አስይዞ መጣ። ሳምራዊት አባቷ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብላ መስኮቱ ሥር ቆመች። በኃይሉ ገመድ እየሰካካ ነው። ዘርይሁን ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። የሚያወሩት ለኢንስፔክተሩ ሲባል በእንግሊዝኛ ነበር።

«ከመክፈታችን በፊት» አለች እታገኘሁ፣ «ስለ መብራት እናውራ። አቶ መኳንንት የሞቱት ከስምንት እስከ አሥር ባለው ጊዜ ነው። መብራት ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት አልነበረም። ባትሪ የላቸውም። ስለዚህ ሲሞቱ ይህ ማሽን ጠፍቶ ነበር። ሳምራዊት አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ ግን በርቶ፣ ደብዳቤው ተጽፎ አገኘችው። ኢንስፔክተር፣ ደብዳቤውን ማን ጻፈው?»

ሙቱኩ ወደ ዘርይሁን ዞረ።

«ጠዋት ጽፎት ይሆናላ!» አለ ዘርይሁን።

«ጠዋት ቢጽፉት ማታ ማሽኑን አብርቶ፣ ዲስኩን ከፍቶ ስክሪን ላይ ያወጣው ማን ነው? ሬሳው?» እታገኘሁ ወደ በኃይሉ ዞረች። «ይለፍ ቃሉን ከሟቹ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም። ለልጃቸውም አልነገሩም።»

«ኔቨር» አለች ሳምራዊት። «ልደቴ መስሎኝ ሞክሬ ነበር፤ አይደለም።»

«እንግዲያው የከፈተው በአርባ ስምንቱ አሃዝ ነው። እሱ ደግሞ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ዶክተሩ እጅ ላይ ባለው ፖስታ ውስጥ።»

«ታሽጓል!» ዘርይሁን ፖስታውን ከፍ አደረገ። «ፊርማው አለ! መዝገቡ አለ!»

«ይታየኛል። ፊርማውን ጥሩ አድርገው አስመስለውታል፤ ቀኑን ነው ያበላሹት። የአውሮፓው ሴፕቴምበር 20 በዚያ ዓመት በእኛ ስንት ነበር?»

«አሥር። ሴፕቴምበር አሥራ አንድ መስከረም አንድ ነው፤ ሃያው አሥር ይሆናል። ሕፃን ያውቀዋል።»

«ሕፃን የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። 1999 ጳጉሜ ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነበር። 2000 የገባው ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ነው። ሚሊኒየሙን ሲጠብቁ ያደሩት ሌሊት እንኳ ጠፋዎት? ሴፕቴምበር ሃያ መስከረም ዘጠኝ ነው። የስደተኛን የልደት ቀን፣ የእስር ቀን፣ የሽሽት ቀን ሲመነዝር የኖረ አስተርጓሚ፣ ዕለቱን በእጁ እየፈረመ አሥር ብሎ አይጽፍም። እንዲህ የሚጽፈው ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ፖስታ የገዛ፣ መዝገቡን አይቶ በጣቱ የቆጠረ ሰው ነው። የካዝናው ቁልፍ ደግሞ አንድ ነው ብለውኛል።»

ሳምራዊት አጎቷን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«በፖስታ ላይ ባለች ቁጥር ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም» አለ ዘርይሁን፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

«አይባልም። ክፈተው በኃይሉ።»

በኃይሉ ወረቀቱን አውጥቶ ቁጥሮቹን ማስገባት ጀመረ። ስድስት ስድስት አሃዝ፣ ስምንት ረድፍ። አምስተኛው ረድፍ ላይ ማሽኑ አልቀበልም አለ።

«አላልኳችሁም?» ዘርይሁን ነፍስ ዘራ። «ተሳስቶ ገልብጦታል። አለቀ፤ ለዘላለም ተዘጋ።»

በኃይሉ ቀና አለ። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የከረመው ሰውዬ ፊቱ በራ። «መመሪያውን የጻፉት እርስዎ ነዎት አይደል? ታዲያ ይህን አያውቁም? እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ ለአሥራ አንድ ሳይተርፍ መካፈል አለበት። ተሳስተህ ስታስገባ የቱ ረድፍ እንደሆነ እንዲነግርህ ነው። 574206 አይካፈልም፤ ሌሎቹ ሰባቱ ይካፈላሉ። አንድ አሃዝ ብቻ ከተለወጠ…» ወረቀት ላይ ጭሮ ጭሮ ቆጠረ። «ልክ የሚሆነው አምስት ቁጥር ነው። አምስት ሙከራ።»

እታገኘሁ ወረቀቱን ወስዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። «አንድ ይበቃል። ይቺ ሰባት አንድ ነበረች። ራሷ ላይ ያለው ጭረት ቀለሙ ሌላ ነው። 514206 ብለህ ሞክር።»

ማሽኑ ተነሣ።

ማሽኑ ራሱ መዝግቦ ይዟል፤ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ በመክፈቻ ቁጥር ተከፍቷል። ለድርጅቱ ኃላፊ የተዘጋጀ፣ ሰኞ ሊሰጥ የነበረ ደብዳቤም ተገኘ። የስደተኞች ቃል የሚያልፈው በዘርይሁን እጅ ብቻ መሆኑን፣ አራት ታሪኮች ተሸጠው በሌላ ሰው አፍ ተመልሰው መምጣታቸውን ይዘረዝራል። የምርቃት ቃልም ነበረ፤ የሦስት ዓመት ቀን ይዞ።

«ይህን ደብዳቤ ሰኞ እንደሚሰጡ ነግረውዎታል፤ ቤተሰብ ነው ብለው» አለች እታገኘሁ። «በረንዳው ላይ ተያያዛችሁ። ገፍተው ከጣሏቸው በኋላ መብራት ስለሌለ ማሽኑን መንካት አልቻሉም። ቢሮ ሄዱ፤ ፖስታውን ቀደዱ። መብራት ሲመጣ ተመልሰው የውሸት ደብዳቤዎን ጻፉ። ሌላውን ለመደምሰስ እንኳ አልደከሙም፤ ቁልፉ ይደብቅልኛል ብለው። እዚህ መጥተው ፖሊሱን ሶኬት ንቀል አሉት፤ እሱም ነቀለ። በሟቹ ወረቀት ላይ ግን አንድ ጭረት ጨምረው እንቅልፍ ወሰደዎ። ሌላ ሰባት ረድፍ ነበረልዎ እኮ፤ ሁለት አሃዝ እንኳ መለወጥ ሰነፉ! እኔ ብዙ ሌባ አውቃለሁ። እንደርስዎ በሰርተፍኬት የሰነፈ አላየሁም።»

ዘርይሁን ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። «ሳሚ፣ እናትሽ ብትኖር…»

«ዶንት» አለች ሳምራዊት። «የእናቴን ስም እንዳትጠራ።»

ዘርይሁን እጅ ላይ ካቴናው ሲገባ ኢንስፔክተር ሙቱኩ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር አለ።

ረቡዕ ጠዋት እታገኘሁ ምርቃትን ከጣቢያው ልትወስድ በመኪናዋ ሄደች። ደስ ብሏት ነበር፤ ለወጉ እንኳ አልደበቀችውም። የምርቃትን ቃል ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይዛላታለች።

«ይኸው። ቀኑ አለበት። ሐሙስ ይህን ታሳያቸዋለሽ፤ የሰረቀችው ያቺ ሴት እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ምርቃት ወረቀቱን ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ አየች። አላነበበችውም፤ እንዳለ አጠፈችው።

«ማን ማን አነበበው እትዬ?»

እታገኘሁ ይህን አልጠበቀችም። ትላንት ሳሎኑ ውስጥ ፋይሉ ሲከፈት ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ነበር። ቀኑን ለማየት የመጀመሪያው መስመር ይበቃ ነበር፤ እነሱ ግን ስድስቱን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት። እሷም አነበበች። ማንም ተዉ አላለም፤ ከሁሉም በላይ እሷ አላለችም። ራሷን እንዲህ የናቀችበትን ጊዜ አታስታውስም።

«ኢንስፔክተሩ። በኃይሉ። ሳምራዊት። እኔ።»

ምርቃት ራሷን ነቀነቀች። «ጋሼ መኳንንት ሲጽፉት አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም። እንዳላፍር ብለው። ሐሙስ ሌላ አስተርጓሚ ነው የሚመጣው?»

«ሌላ ነው።»

«እንግዲህ አምስት» አለች ምርቃት፤ «ከሸጠውና ከገዙት ሌላ።» ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ኪሊማኒ የሚሄደው ማታቱ የቱ ጋ እንደሚቆም ጠየቀች።